የማቴሪያል ዩአይን ቀለም ወደ ራሳችን ማምጣት፦ የሐይቅ ሰማያዊ፣ የላሊበላ ቀይ፣ የአደይ ቢጫ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሱቅ፣ ለፔንሲዮን፣ ለክሊኒክ የተሠሩ ዌብሳይቶችን ከፈት ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ደጋግማችሁ አንድ ሰማያዊ ታገኛላችሁ። ያንን ሰማያዊ ማንም አልመረጠውም። ማቴሪያል ዩአይ፣ ማለትም በተን፣ ካርድና መሰል ነገሮችን አዘጋጅቶ የሚሰጠን የሪአክት ላይብረሪ፣ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ነው፣ በአርጂቢ (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ከ0 እስከ 255) ቁጥሩ 25፣ 118፣ 210። ቀለሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን የሱቁ ባለቤት «የኔን ሱቅ ይምሰልልኝ፣ አገሬን ይምሰልልኝ» ሲሉ ልክ ናቸው፣ እኛም ልንሰማቸው ይገባል። ወሎን የሚያህል ቀለም የሞላበት አገር ተቀምጠን ሁላችንም አንድ ሰማያዊ ስንለብስ ያሳዝነኛል።

ይሄ ጽሑፍ ሪአክት ለሚነካካና ማቴሪያል ዩአይን ለጀመረ ሰው ነው። ስሪት 6 ወይም 7 ይዛችኋል ብዬ ነው የምሄደው። የኮድ ቃላቱን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፣ ኤዲተር ላይ ግን ዶክዩመንቴሽኑ ላይ እንዳሉት በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ምሳሌያችን ደሴ ያለ የጋቢና የቡልኮ መሸጫ ይሁን፤ ከባቲም፣ ከወልዲያም፣ ከአዲስ አበባም በስልክ ትዕዛዝ የሚቀበል።

ከቀለም በፊት ሥራ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከበተኑ ነው። በተኑ ላይ ኤስኤክስ፣ ማለትም ለአንድ ኮምፖነንት ብቻ ስታይል የሚሰጠውን ፕሮፕ፣ ይጽፍና ቀለም ያስገባል። ቀጥሎ ሄደሩ ላይ፣ ቀጥሎ ሊንኩ ላይ። ገጹ ሲያልቅ ያ ቀለም በየፋይሉ ተበትኖ ይገኛል፣ ባለቤቱ «ትንሽ ጠቆር ይበል» ባሉ ቀን ደግሞ አንዱን ቀይራችሁ ሌላው ይረሳችኋል፣ ማውዝ ሲያልፍበት የሚመጣው ቀለም የድሮው ሆኖ ይቀራል፣ በመጨረሻ ገጹ ላይ ሦስት የሚመሳሰሉ ግን የማይገጥሙ ሰማያዊዎች ይኖራሉ። ይሄ መንገድ አያዋጣም።

ቲም የገጹ ቀለምና ፎንት አንድ ላይ የሚወሰንበት ቦታ ነው፣ እንደ ክራር ቅኝት። ክራሩን ባቲ ላይ ከቃኛችሁት የምትመቱት ሁሉ በባቲ ይወጣል፤ ወደ አምባሰል መሄድ ስትፈልጉ ክሮቹን አጥብቃችሁ አላልታችሁ እንደገና ትቃኛላችሁ እንጂ እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻው አትጠግኑም። ቲሙም እንዲሁ አንድ ቦታ ይቃኛል፣ በተኑም ሊንኩም ሄደሩም ከዚያ ይሰማሉ።

ማቴሪያል ዩአይ ለቀለም ስድስት ሥራ አዘጋጅቷል። ፕራይመሪ ዋናው ነው፣ ሰው እንዲጫነው የምትፈልጉት ነገር ቀለም። ሰከንደሪ አጋዡ ነው። ኤረር ለስህተትና ለሚያጠፋ ነገር፣ ዋርኒንግ ለማስጠንቀቂያ፣ ኢንፎ ለመረጃ፣ ሰክሰስ ለ«ተሳክቷል»። እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ አራት መልክ አለው፦ ሜይን፣ ላይት፣ ዳርክ እና ኮንትራስት ቴክስት። የመጨረሻው ቀለሙ ላይ የሚጻፈው የጽሑፍ ቀለም ነው።

ስለዚህ ቀለም ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ያምራል ወይ» ሳይሆን «ምን ይሠራል» ነው። ያማረ ቀለም ያለቦታው ሲገባ ገጹን ያበላሸዋል። ይሄን አጥብቄ የምለው ከምር ስለሆነ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ቀለሙን ከየት እንልቀመው

ለጋቢ ቤታችን ሦስት ቀለም ያዝኩ። አንዱ ደሴ አጠገብ ያለው የሐይቅ ውሃ ሰማያዊ፣ አንዱ የላሊበላ ድንጋይ ቀይ፣ አንዱ በመስከረም ሜዳውን የሚሞላው የአደይ አበባ ቢጫ። ከፎቶ መልቀም ይቻላል፣ ክሮም ዴቭቱልስ ውስጥ ያለው የቀለም መምረጫ ጠብታ የምትመስል ምልክት አለችው፣ ገጹ ላይ ያለ ፎቶ ላይ ስትነኩ ቁጥሩን ትሰጣችኋለች።

ግን አንድ ነጥብ ነክታችሁ አትሂዱ። የላሊበላ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ቀላ ያለ ድንጋይ ነው፣ ጠዋት ላይ የተነሳ ፎቶው ብርቱካን ይመስላል፣ ጥላ ላይ ያለው ቡናማ ነው፣ ቤተ ጊዮርጊስ አናቱ ላይ ደግሞ ቢጫ ያለ ሽበት አለው። የሐይቅ ውሃም እንደ ሰማዩ ይለዋወጣል። ከተለያዩ ቦታዎች ልቀሙ፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ ከዚያ ዓይናችሁ «ይሄ ነው» የሚለውን መሐከለኛ ውሰዱ። እኔ የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው፦

የሐይቅ ሰማያዊ፦ 20፣ 110፣ 140
የላሊበላ ቀይ፦ 150፣ 60፣ 45
የአደይ ቢጫ፦ 255፣ 200፣ 0

ማን የትኛውን ይያዝ

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀዩን ፕራይመሪ ማድረግ ነው። ላሊበላ ነዋ! ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው፣ ነጭ ጽሑፍ ላዩ ላይ ሲጻፍ ኮንትራስቱ፣ ማለትም የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ልዩነት፣ ወደ 7 ለ 1 ይደርሳል፣ በጣም ይነበባል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የኤረር ቀለምም ቀይ ነው፣ በነባሪው 211፣ 47፣ 47። አሁን ገጹን አስቡት፦ «ይክፈሉ» የሚለው በተን ቀይ፣ «ትዕዛዙን ሰርዝ» የሚለውም ቀይ፣ ስልክ ቁጥር ሲሳሳት የሚመጣው ጽሑፍም ቀይ። ብዙም ኦንላይን ገዝተው የማያውቁ እናት ቀይ በተን ሲያዩ እጃቸው ይሰበሰባል። ብር የሚከፈልበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ጥርጣሬ ትበቃለች።

ቢጫውስ? የአደይ ቢጫ ነጭ መደብ ላይ በጽሑፍ ሲመጣ ኮንትራስቱ 1.55 ለ 1 አካባቢ ነው። የለም ማለት ይቻላል። ነጭ ጽሑፍ ቢጫ በተን ላይ ስትጽፉም ያው ቁጥር ነው። ጥቁር ጽሑፍ ስታደርጉበት ግን ከ13 በላይ ይወጣል። ስለዚህ ቢጫ መደብ መሆን ይችላል፣ ጽሑፍ መሆን ግን ነጭ ላይ አይችልም። ፕራይመሪ ደግሞ ሊንክም፣ ጠርዝ ብቻ ያለው በተንም፣ የተመረጠ ታብም ስለሆነ ጽሑፍ የመሆን ግዴታ አለበት። ቢጫው ከዚህ ወንበር ወጣ።

ሰማያዊው ቀረ። ነጭ ላይ ወደ 5.8 ለ 1 ይሰጣል፣ ከኤረር ጋር አይምታታም፣ ጽሑፍም መደብም መሆን ይችላል። ፕራይመሪ እሱ ይሁን። ቀዩ ሰከንደሪ ሆኖ ሄደሩንና የክፍል ርዕሶችን ይያዝ፣ እርምጃ የሚወስድ በተን ላይ ግን አይግባ። ቢጫው ለብቻው ስም ይሰጠዋል፣ «አዲስ የገባ» እና «የበዓል ቅናሽ» ለሚሉ ምልክቶች። ላሊበላን ከዋናው ቦታ አነሳኸው ብሎ የሚቆጣ ይኖር ይሆናል። ግን ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሄደሩ ነው፣ እዚያ ላይ ቀዩ ሙሉ ክብሩን ያገኛል።

ፋይሉን መጻፍ

ቲም የሚባል አንድ ፋይል ክፈቱ። ክሪዬት ቲም የሚለውን ፈንክሽን ከማቴሪያል ዩአይ የስታይልስ ክፍል ኢምፖርት አድርጉ። ቲሙን የምትፈጥሩት ከኮምፖነንት ውጭ፣ ፋይሉ ላይ በቀጥታ ነው። ኮምፖነንት ውስጥ ከፈጠራችሁት ገጹ በተነቃነቀ ቁጥር ቲሙ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ራሙ ትንሽ የሆነ ስልክ ላይ ይሄ ይታወቃል።

ውስጡ እንዲህ ይደረደራል፦

ሲኤስኤስ ቬሪያብልስ፦ ከለር ስኪም ሰሌክተር፣ ዋጋው ክላስ
ከለር ስኪምስ
— ላይት (የቀኑ ገጽ)፣ ፓሌት
—— ፕራይመሪ፣ ሜይን፦ 20፣ 110፣ 140
—— ሰከንደሪ፣ ሜይን፦ 150፣ 60፣ 45
—— ባክግራውንድ፣ ዲፎልት፦ 250፣ 247፣ 240፣ ፔፐር (የካርዶች ወለል)፦ ነጭ
—— ኮንትራስት ትሬሾልድ፦ 4.5
— ዳርክ (የማታው ገጽ)፣ ፓሌት፦ ወደ ታች እንመጣበታለን

ሜይንን ብቻ ስትሰጡት ሌሎቹን ሦስቱን ራሱ ያሰላል። ላይቱን ወደ ነጭ 20 በመቶ ያስጠጋል፣ ዳርኩን ደግሞ ከሜይኑ 30 በመቶ ያጠቁራል። ሰማያዊያችን ላይ ዳርኩ 14፣ 77፣ 98 ይሆናል ማለት ነው። ማውዝ ሙሉ ቀለም ያለው በተን ላይ ሲያልፍ የምታዩት ያንን ነው። እንዲህ ማስላት ስላለበትም እንደ «ሬድ» ያለ የቀለም ስም ሜይን ላይ ብትጽፉ አይቀበልም፣ ቁጥር ይፈልጋል። ሄክስም፣ አርጂቢም፣ ኤችኤስኤልም ይሆናል።

መደቡን 250፣ 247፣ 240 ያደረግኩት ንጹህ ነጭ ጋቢው ፎቶ ላይ ስለሚደበዝዝ ነው። ነጭ ጋቢ ነጭ ገጽ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። ትንሽ ሞቅ ያለ መደብ ሲሆን ካርዱም ጋቢውም ተነስተው ይታያሉ። መደብ ስትቀይሩ ግን ኮንትራስቱም አብሮ ይቀየራል፣ ሰማያዊያችን እዚህ መደብ ላይ ከ5.8 ወደ 5.4 አካባቢ ይወርዳል። አሁንም ይበቃል፣ ግን እንደገና መለካት ግዴታ ነው።

ፋይሉ ሲያልቅ አፑን በቲም ፕሮቫይደር ትጠቀልሉታላችሁ፣ እዚያው ውስጥ ሲኤስኤስ ቤዝላይን የሚለውን ኮምፖነንት ታስገባላችሁ። ይቺ ሁለተኛዋ ትረሳለች። ከሌለች መደቡ ገጹ ላይ አይወርድም፣ «ቲሜ አልሠራም» ብሎ ግራ የሚጋባ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እሷን ጠይቁት።

ኮንትራስት፣ የባቲ ፀሐይና ፊደላችን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም ይልቅ የምጨነቅበት ይሄ ነው።

ደብሊውሲኤጂ የሚባለው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በሁለተኛ ደረጃው፣ ደብል ኤ በሚባለው፣ ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ኮንትራስት ይጠይቃል። ጥቁር ነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ማቴሪያል ዩአይ ግን በነባሪው የሚጠቀመው ወሰን 3 ነው። ቀለሙ ላይ ነጭ ጽሑፍ 3 ካለፈ ነጭ ያደርገዋል፣ ካላለፈ ወደ ጥቁር ይዞራል።

ይሄ የት ይጎዳል? ነባሪውን የዋርኒንግ ብርቱካን ውሰዱ፣ 237፣ 108፣ 2። ነጭ ጽሑፍ ላዩ ላይ 3.1 አካባቢ ነው። ከ3 ትንሽ አለፈ፣ ስለዚህ ነጭ ይሆናል። ቢሮ ውስጥ ጥሩ ስክሪን ላይ ስታዩት ምንም አይልም። ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ መሀል፣ አናት ላይ በወጣ ፀሐይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ፣ ባትሪ እንዳያልቅ ብርሃኑ ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት ግን «ክፍያዎ አልተጠናቀቀም» የሚለው ጽሑፍ አይታይም። ሰውዬው የከፈለ መስሎት ይሄዳል። ወሰኑን 4.5 ስታደርጉት ያው ብርቱካን ላይ ጽሑፉ ጥቁር ይሆናል፣ ይነበባልም። ከላይ ኮንትራስት ትሬሾልድን 4.5 ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ መስመር ናት፣ አትዝለሏት።

ሌላው ፊደላችን ነው። የላቲን «አይ» ወይም «ኤል» አንድ ሰረዝ ናት፣ ደብዘዝ ብትልም ትገመታለች። «ጨ»ን ከ«ጬ»፣ «ሟ»ን ከ«ማ»፣ «ዪ»ን ከ«ይ» የሚለየው ግን ትንሽ እግር ወይም ቀለበት ነው። ጽሑፉ ሲያንስና ሲሳሳ፣ ቀለሙም ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ እግር ነው። ስለዚህ 4.5 ለአማርኛ ጽሑፍ ዝቅተኛው ነው ብዬ ነው የማየው፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ 7 እፈልጋለሁ።

ቲሙ ውስጥ ታይፖግራፊ የሚል ክፍልም አለ። ነባሪው ፎንት ሮቦቶ ነው፣ ሮቦቶ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም፣ ስልኩ ያገኘውን ፎንት ይተካበታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገቡና ከፊት አስቀምጡት፣ ነጻ ነው፣ ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው። የበተን ጽሑፍ ውፍረቱን 500 ወይም 600 አድርጉት። ቀለም ብቻውን ያላዳነውን ጽሑፍ ውፍረት ያድነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎች አሉ፣ ምናልባትም ከደንበኞቻችሁ መሀል። «ደርሷል» አረንጓዴ፣ «አልደረሰም» ቀይ ብላችሁ በነጥብ ብቻ አታሳዩ። ቃሉን ጻፉት፣ አይከን ጨምሩበት።

አደይን የራሱ ስም መስጠት

ቢጫውን ዋርኒንግ ላይ አስገብቶ ማለፍ ይቻላል፣ አልመክርም። ማስጠንቀቂያና የበዓል ቅናሽ አንድ ቀለም ከሆኑ ሰው ሁለቱንም አያነብም። ስለዚህ ፓሌቱ ውስጥ አዲስ ስም ጨምሩ። አራቱንም መልክ በእጃችሁ ጻፉለት፦

ሜይን፦ 255፣ 200፣ 0
ላይት፦ 255፣ 211፣ 51
ዳርክ፦ 178፣ 140፣ 0
ኮንትራስት ቴክስት፦ 40፣ 30፣ 0

ኮንትራስት ቴክስቱን ጥቁር ከማድረግ ይልቅ ወደ ቡናማ የሚሄድ ጥቁር አደረግኩት፣ ከ10 በላይ ይሰጣል፣ ከቢጫው ጋርም ይስማማል። ዳርኩ ላይም ያው ጽሑፍ ከ5 በላይ ነው፣ ስለዚህ ማውዝ ሲያልፍ ጽሑፉ አይጠፋም። ኦግመንት ከለር የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ሜይንን ብቻ ስትሰጡት ሌላውን አስልቶ ይሰጣል፣ ግን መጀመሪያ ቲሙን ፈጥራችሁ ከዚያ ቲሙን ይዛችሁ እንደገና መፍጠር አለባችሁ። ለአንድ ቀለም ብላችሁ ከምትዞሩ አራት መስመር ጻፉ።

ታይፕስክሪፕት የምትጠቀሙ ከሆነ እዚህ ላይ ቀይ መስመር ይመጣል። አብሽሩ፣ ኮዱ አልተበላሸም። አዲሱን ስም አያውቀውም፣ ነገሩ ይሄው ነው። በሞጁል ዲክሌሬሽን ፓሌት፣ ፓሌት ኦፕሽንስ ላይ ስሙን ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ቺፕ (እንደ «አዲስ የገባ» ያለ ትንሽ ምልክት) ወይም በተን ላይ እንዲሠራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮምፖነንት የከለር ፕሮፕስ ማስፋት አለ። በምትጠቀሙበት ኮምፖነንት ላይ ብቻ አድርጉት። ቢጫው በተን ላይ እንዳይገባ ከፈለጋችሁ በተን ላይ አለመጨመር ጥሩ አጥር ነው፣ ሌላ ዴቨሎፐር ቢሞክር ታይፕስክሪፕቱ ራሱ ይከለክለዋል።

ዳርክ ሞድ

ማታ ማታ፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ፣ ሰው ስልኩን የሚያየው ጨለማ ውስጥ ነው። ነጭ ገጽ ያኔ ዓይን ይወጋል። ዳርክ ሞድ መሥራት ትርፍ ነገር አይደለም።

ቀለሞቹን እንዳሉ ይዞ መሄድ ግን አይሆንም። የማቴሪያል ዩአይ ጨለማ መደብ 18፣ 18፣ 18 ነው። የሐይቅ ሰማያዊያችን እዚያ ላይ 3.2 አካባቢ ብቻ ይሰጣል፣ ቀዩ ደግሞ 2.7 አይሞላም። ጨለማ ውስጥ ቀለሙ ነጣ ማለት አለበት። ላይብረሪው ራሱ በነባሪው እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ዋናውን ሰማያዊ በዳርክ ሞድ ወደ 144፣ 202፣ 249 ያነጣዋል። እኛም፦

ፕራይመሪ፣ ሜይን፦ 110፣ 195፣ 220
ሰከንደሪ፣ ሜይን፦ 230፣ 150፣ 130
አደይ፦ እንዳለ

ሰማያዊው ከ9 በላይ፣ ቀዩ ወደ 8 ይሆናል። ኮንትራስት ትሬሾልዱን እዚህም 4.5 አድርጉት፣ የላይቱ ፓሌት ላይ ያለው ወደዚህ አይሻገርም። አደይ ደግሞ እዚህ ይገዛል። ቀን ላይ ጽሑፍ መሆን ያልቻለው ቢጫ ጨለማ ላይ 12 ለ 1 አለው፣ ዋጋውን በቢጫ ብትጽፉት ያምራል።

የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። ሄደሩ፣ ማለትም አፕ ባር፣ በዳርክ ሞድ የሰጣችሁትን ቀለም ትቶ ጥቁር ይሆናል። ኢኔብል ከለር ኦን ዳርክ የሚል ፕሮፕ አለው፣ እሱን ካላበራችሁ የላሊበላው ቀይ ማታ ማታ አይኖርም። ካርዶችና ሌሎች በፔፐር የተሠሩ ነገሮች ደግሞ ጥላቸው ከፍ ባለ ቁጥር ነጣ ይላሉ፣ ይሄ ሆን ተብሎ ነው፣ ከመደቡ እንዲለዩ።

የቀንና የማታ መቀያየሪያ የምታስገቡ ከሆነ ዩዝ ከለር ስኪም የሚለውን ሁክ ተጠቀሙ። ከላይ ሰሌክተሩን ክላስ ያልነው ለዚህ ነው፣ ካልተባለ ገጹ የስልኩን ሴቲንግ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁኩ መጀመሪያ ሲጫን ሞዱን አያውቅም፣ ባዶ ይመልሳል፣ ስለዚህ ባዶ ሲሆን ምንም አታሳዩ። ኔክስት ጄኤስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኢኒት ከለር ስኪም ስክሪፕትን ከላይ አስገቡ፣ ያለዚያ ጨለማ የመረጠ ሰው ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ ነጭ ብልጭ ይልበታል። ኔትዎርኩ ሲዘገይ ያ ብልጭታ ረጅም ነው።

ኮድ ውስጥ «ሞዱ ዳርክ ከሆነ ይሄ፣ ካልሆነ ያ» እያላችሁ አትጻፉ። ሲኤስኤስ ቬሪያብል ስታበሩ ያ አጻጻፍ በትክክል አይከተልም፣ ብልጭታውንም ይመልሳል። በሱ ፈንታ የቲሙ አፕላይ ስታይልስ አለ፣ «ዳርክ» ብላችሁ የሚቀየረውን ብቻ ትሰጡታላችሁ።

አንድ ኮምፖነንት ብቻ ሲያምፅ

ቲሙ ከተስተካከለ በኋላም «ይቺ ነገር ብቻ ለየት ትበል» የሚባል ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ከሆነ ኤስኤክስ ይበቃል፣ ግን ቁጥር አትጻፉ፣ ፕራይመሪ ነጥብ ሜይን ብላችሁ ከፓሌቱ ጥሩ። ብዙ ቦታ የሚደገም ከሆነ ስታይልድ ብላችሁ የራሳችሁን ኮምፖነንት ሥሩ። በመላው ገጹ ሁሉም ቺፕ እንዲህ ይሁን ካላችሁ ደግሞ ቲሙ ውስጥ ኮምፖነንትስ በሚለው ሥር ስታይል ኦቨርራይድስ አለ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚኬደው፣ ለአንድ ቺፕ ብላችሁ ሁሉንም አትንኩ።

ኢምፖርታንት የሚለውን የሲኤስኤስ ቃል መጻፍ ካማራችሁ ቆም በሉ። አብዛኛውን ጊዜ የክላሱን ስም ሳታጣሩ ነው የገባችሁት። ዴቭቱልስ ከፍታችሁ ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ተከታተሉት።

ማቴሪያል ዩአይ ካልሆነስ? ሌሎች የዌብ መሥሪያዎችም አሉ። ቡትስትራፕ ላይ ፕራይመሪ የሚባል የሳስ ቬሪያብል ትቀይሩና እንደገና ታጠናቅሩታላችሁ። ሻድሲኤን ላይ ሲኤስኤስ ቬሪያብሎች ናቸው፣ እያንዳንዱ መደብ ፎርግራውንድ የሚባል የጽሑፍ ጥንድ አለው፣ እሱን ግን ራሳችሁ ነው የምትለኩት፣ የሚያሰላላችሁ የለም። የሥራ ክፍፍሉ ከላይ እንዳየነው ነው።

መለካትና ማስረከብ

ዴቭቱልስ ውስጥ ጽሑፉን መርጣችሁ የቀለሙን ሳጥን ስትነኩ ኮንትራስት ሬሾውን ይነግራችኋል። ሬንደሪንግ የሚለው ታብ ላይ ቀለም የማይለይ ሰው ገጹን እንዴት እንደሚያይ ማስመሰል ይቻላል፣ ዳርክ ሞዱንም እዚያው ትሞክራላችሁ። እዚያው ዴቭቱልስ ውስጥ ያለውን የገጽ መመርመሪያ፣ ላይትሃውስን፣ አንዴ አሂዱት፣ ያመለጣችሁን ይለቅማል። ጽሑፍ ፎቶ ላይ ሲቀመጥ ግን ማሽኑ አያውቅም፣ እሱን በዓይን ነው።

ከዚያ ከቢሮ ውጡ። ቀን በስድስት ሰዓት፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርጋችሁ፣ ርካሽ ስልክ ይዛችሁ ገጹን ክፈቱ። ራሳችሁን አትመኑ፣ ጽሑፉን ስለምታውቁት ሳይነበብም ታነቡታላችሁ። ገጹን አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ቢቻል በዕድሜ ገፋ ላሉ፣ «እስቲ ይሄን ጋቢ እዘዙልኝ» ብላችሁ ስጡና ዝም ብላችሁ እጃቸውን እዩ። የት ይቆማሉ? ስልኩን ወደ ጥላ ያዞሩት የትኛው ገጽ ላይ ነው? ያ ገጽ ላይ ቀለም ወይም ውፍረት ጎድሎታል።

ስታስረክቡ ቲም ፋይሉ አናት ላይ በአማርኛ ኮሜንት ጻፉ። ሰማያዊው ለሚጫኑት ነገር፣ ቀዩ ለሄደርና ለርዕስ ብቻ፣ ቢጫው ለምልክት እንጂ ነጭ ላይ ለጽሑፍ እንዳይውል፣ የኮንትራስቱ ወሰን 4.5 የሆነበትም ምክንያት። ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ፣ ምናልባት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ፣ ባለቤቱ «ቀዩን በተን ላይ አድርግልኝ» ሲሉት ምን ብሎ እንደሚያስረዳቸው ያገኛል። ባለቤቱ ቀለሙን መቀየር ከፈለጉም መብታቸው ነው፣ ልጁ ሜይን ላይ ያለችውን ቁጥር ቀይሮ፣ ኮንትራስቱን ለክቶ፣ በቀንም በማታም ያሳያቸዋል።